እስከ ወሩ ያድርስሽ

የጽዋ ማኅበር ሙሴ መሆን ማለት ያለ ደመወዝ መሰደብ ማለት ነው። ዳቦው ቢያንስ ሙሴው ነው፤ ጠላው ቢቀጥን ሙሴው ነው፤ አባላቱ ተኮራርፈው አንዱ በር ላይ፣ አንዱ ጓዳ ቢቀመጥ አሁንም ሙሴው ነው። እኔ ዱጉማ፣ እዚህ ሮቤ ከተማ ጋሪ እየነዳሁ ያረጀሁ ሰው፣ ወር በገባ በአሥራ ሁለት የምንጠጣው የሚካኤል ማኅበር አለቃ ከሆንኩ ቆይቻለሁ። እኔ አልለመንኳቸውም። ፈረስ የሚገራ ሰው እኛንም ይገራል ብለው ይሆናል የመረጡኝ። ፈረሴ ይሻላል። ፈረሴ ቢያንስ አያማኝም።

የተነሳሁት ግን ስለ ራሴ ላወራ አይደለም፤ ስለ እኅተማርያም ልነግራችሁ ነው። ሥርዓታችንን ካላወቃችሁ ግን የእሷ ነገር አይገባችሁምና መጀመሪያ እሱን ልበል። በእኛ ማኅበር ጽዋው ከቤት ቤት ይዞራል። አሥራ ሁለት ሲሆን ተረኛው ቤት እንሰበሰባለን፤ ካህኑ ይጸልያሉ፤ ዳቦው ይቆረሳል፤ ከጽዋው እንቀምሳለን። በመጨረሻ ጽዋው በጨርቅ ተሸፍኖ ለሚቀጥለው ተረኛ ይሰጣል። ተቀባዩ ተንበርክኮ ሲቀበል ካህኑ «እስከ ወሩ በሰላም ያድርስህ» ይላሉ፤ እኛ «አሜን» እንላለን። ከዚያ እየዘመርን ቤቱ ድረስ እንሸኘዋለን፤ ወሩን ሙሉ ጽዋው እሱ ዘንድ ይቆያል፤ በወሩ እሱ ይደግሳል። ይኸው ነው። ያን «አሜን» ስንት ዓመት ስለው ኖሬ ምን እያልኩ እንደሆነ አንድ ቀን አስቤው አላውቅም።

እኅተማርያም ልብስ ሰፊ ናት። ከገበያው ከፍ ብሎ ባለው በረቢያ ሱቅ በረንዳ ላይ የእግር ስፌት መኪናዋን ዘርግታ የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ፣ የመጋረጃ ጠርዝ ስታጥፍ ነው የማውቃት። ባሏ ባዳሳ ኮምባይነር ነጂ ነበር። ስንዴ ሲደርስ ከሲናና እስከ አጋርፋ ከማሳ ማሳ ሲዞር ይከርምና ቅንድቡ ሳይቀር ገለባ ለብሶ ይመለሳል። ልጅ አልሰጣቸውም። ልጅ የሌላቸው ባልና ሚስት ወይ ይፋጃሉ ወይ ይጣበቃሉ፤ እነሱ ተጣብቀው ነበር። ታዲያ ባለፈው ሰኔ ባዳሳ ሆዴን አለ፣ ተኛ፣ በዚያው ቀረ።

ሮቤ በለቅሶ አትታማም። ክርስቲያኑ፣ ሙስሊሙ፣ ጴንጤው ሁሉ ድንኳኑን ሞላው። ሰልስቱ ወጣ፤ አርባው ወጣ፤ ሰውም ወደየጉዳዩ ሄደ። ሰው እንዲህ ነው፤ እኔም ያው ሰው ነኝ። እሷ ግን መቀመጥ አቃታት። አንድ እጅጌ ትጀምርና ጨርቁን መርፌው እንደያዘው ትታው ትነሳለች። ባለ ልብሱ መጥቶ ሲጮህ ረቢያ ከሱቋ ወጥታ «አሁን መጣች፣ ትንሽ ታገሥ» እያለች ትዋሽላታለች። እሷ መናኸሪያ ናት። ጎባ በሚሄደው ሚኒባስ ትሳፈራለች፤ ጎባ ትደርሳለች፤ ሌላ ሚኒባስ ይዛ ትመለሳለች። ረዳቶቹ ሁሉ ለመዷት። አንድ ቀን መናኸሪያው በር ላይ አግኝቻት ጠየቅኳት።

«ጎባ ምን አለሽ?»

«ምንም የለኝም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ያመላልስሻል?»

«ሚኒባሱ ውስጥ ሰው አለ» አለችኝ።

ያልገባኝ ነገር ያናድደኛል። እንዲህ ያለ መልስ ምን ይባላል ብዬ እያጉረመረምኩ ሄድኩ።

ጥቅምት አሥራ ሁለት ጽዋው እሷ ጋ ደረሰ። ኀዘንተኛ ናት እንዝለላት ያሉ ነበሩ፤ እኔ ተራ ተራ ነው አልኩ፤ ተቀበለች። በማግስቱ በረቢያ ሱቅ በኩል ሳልፍ እኅተማርያም መኪናዋ ላይ ቁጭ ብላለች። የተወችውን እጅጌ እየጨረሰች ነው። ረቢያ ብቅ አለችና፣

«ኦቦ ዱጉማ፣ ምን አጠጣችኋት? ዛሬ ከበረንዳው አልተነቃነቀችም» አለችኝ።

«ጽዋ ነዋ።»

«ያ ረቢ፣ ታዲያ ጨምሩላት» አለች።

ሳቅን። ወሩን ሙሉ እንዲሁ ሆነ። ጠዋት ጧፍ ታበራለች፤ ዳዊቷን ትደግማለች፤ ከዚያ መጥታ ትሰፋለች፤ ሲመሽ ትገባለች። ባለቤቴ ምኞት እንኳ «ሚካኤል ደረሰላት፣ ተመስገን» አለች። እኔም ተመስገን ብዬ ረሳሁት።

የኅዳር ሚካኤል ዓመታዊ በዓል ስለሆነ ድግሱ ጠበቅ ይላል። ሰሞኑን ገብሱንና ጌሾውን፣ ማገዶውንም ከገበያ በጋሪዬ ጭኜላት ከጎኔ ተቀምጣ እንሄዳለን። ላጽናናት ብዬ፣

«አይዞሽ፣ አሥራ ሁለት ይለፍ እንጂ እፎይ ትያለሽ» አልኳት።

«እኔ የምፈራው ካለፈ በኋላ ያለውን ነው።»

«ምኑን?»

አንዱ ባጃጅ ጥሩንባውን እያንባረቀ በጎናችን ሲያልፍ ፈረሱ ደነበረ። እኔ ባለ ባጃጁን ከነዘር ማንዘሩ ሰድቤ ሳልጨርስ፣ ስለ ሽንኩርት መወደድ እንደሚያወራ ሰው፣

«ጋሼ፣ እኔ መኖር አልፈልግም» አለች።

ጋሪውን አቆምኩት። መንገድ መሀል ነው ያቆምኩት፤ ከኋላ ይጮሁብኛል። «አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል?» ነው መጀመሪያ ከአፌ የወጣው። ስደነግጥ የምናገረው የቁጣ ቃል ብቻ ነው፤ ምን ላድርግ።

እሷ አልተቆጣችም። «ከነሐሴ ጀምሮ ነው» አለች። «ጠዋት ስነሳ ለምን ነቃሁ እላለሁ። ኃጢአት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ፍትሐት እንደሌለው አውቃለሁ፤ ማወቁ አልረዳኝም። ጽዋውን የተቀበልኩ ቀን ግን አባ እስከ ወሩ ያድርስሽ አሉኝ፤ እናንተ አሜን አላችሁ። ቤቴ ገብቼ አሰብኩት። ያ ሁሉ ሰው አሜን ብሎብኝ እንዴት ብዬ እሞታለሁ? ሚካኤልን ቤቴ አስቀምጬ፣ እናንተን ጠርቼ፣ በሩን ዘግቼ ልሂድ? ነውርም አይደል? እስከ አሥራ ሁለት እኖራለሁ አልኩ። ኖርኩት። ወር ይቻላል፣ ጋሼ። የማይቻለው ከወር ወዲያ ያለው ነው።»

ልጓሙን ጨብጬ ቀረሁ።

«ጽዋውን ለእኔ ይተዉልኝ። አንድ ወር ብቻ» አለች።

ጌሾዋን ቤቷ አላደረስኩም። ፈረሱን አዙሬ፣ ጭነቱን እንደ ጫንኩ፣ ቀጥታ ወደ ንስሐ አባታችን ነው የወሰድኳት። አባ ለብቻቸው ብዙ አነጋገሯት። ጸበሉንም ሐኪሙንም አዘዟት፤ እሺ ብላ ወደ ሁለቱም ሄደች። ሐኪሙ የሰጣትን ክኒን ትውጣለች፤ ቀጠሮዋንም አታስተጓጉልም። አባ እኔን በር ላይ ያዝ አድርገው፣ «ፈቅዳልኛለች፣ ሁለታችን እንወቀው። ጽዋው እሷ ዘንድ ይቆይ» አሉኝ።

«አባ፣ ተራው የሴና ነው። ሥርዓቱስ?»

«ሥርዓት የተሠራው ለነፍስ ነው። ለሌላ ሰው ግን ምክንያቱን እንዳትተነፍስ» አሉ።

ለእሳቸው መናገር ቀላል ነው። ስድቡን የምሸከመው እኔ ነኝ።

የኅዳሩ እንኳ ያለ ጣጣ አለፈ። ሴና ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ቀኗም ተቃርቦ ነበር። ፎቶ ኮፒ ቤት የምትሠራ ልጅ ናት፤ ባሏ አንገቱ ወደምትባል የቆላ ከተማ ወርዶ አንድ ቡና ነጋዴ ዘንድ ተቀጥሯል፤ የሳነቴን ተራራ አቋርጦ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። «ብቻዋን ከነሆዷ አትደግስም፤ እኅተማርያም ትያዝላት» ስል ሁሉም ደግ አልክ አሉኝ። እኅተማርያም ተንበረከከች፤ አባ ቃሉን አሉ። የዚያን ቀን አሜን ያልኩት እሷን እያየሁ ነው።

ከዚያ በኋላ እኔም ሰላም አጣሁ። ጠዋት ጋሪዬን አጥምጄ የመጀመሪያ ጉዞዬ በረቢያ ሱቅ በኩል ነው፤ ጭነት ቢኖርም ባይኖርም። መኪናዋ ሲንኳኳ ስሰማ መንገዴን እቀጥላለሁ። አርፍዳ እንደሆነ ፈረሱን ሳር አስግጣለሁ ብዬ እቆማለሁ፤ ሳር በሌለበት። ሰው ምን ይላል? በዚህ ዕድሜዬ ታማሁ። ሙሴው መበለቲቱን ከጀላት ተባለ። ወሬው ምኞት ጆሮ ገባ፤ እሷ እቴ፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «አንተን ደግሞ ማን ይሰርቀኛል?» አለች። ቅር አለኝ። ትንሽ እንኳ መቅናት አይገባትም? ግን ምስጢሩን ልነግራት አልችልም፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት።

አንድ ቀን በረንዳው ላይ ቁልፍ ስትተክል ሚካኤልን ምን ብለሽ ነው የምትለምኚው አልኳት። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና፣ «ብዙ አልለምነውም። ማታ ማታ አወራዋለሁ። የተሰፋውን፣ የተበላሸውን፣ ረቢያ ያለችውን ሁሉ እነግረዋለሁ። ድሮ ለባዳሳ የማወራውን ማለት ነው። ከዚያ ለባዳሳ ንገርልኝ እለዋለሁ። ሲነጋ ደግሞ የምነግረው ነገር ለመያዝ መውጣት አለብኝ» አለች። እንዲህ ያለ ጸሎት ሰምቼ አላውቅም። የእኔ ጸሎት አብዛኛው ስለ ፈረሱ እግርና ስለ ባጃጆች ነው።

በኅዳር መጨረሻ ሴና ወለደች፤ ልጁ ግን ሞቶ ተወለደ። ሞቶ ለተወለደ፣ ክርስትና ላልተነሳ ልጅ እኛ ድንኳን አንጥልም፤ ለቅሶ አንቀመጥም። ወጉ እንዲያ ነው። ሴቶቹ አጥሚት ይዘው ሄዱ፤ «አይዞሽ፣ ልጅ ነሽ፣ ገና ትወልጃለሽ» አሏት፤ አበቃ። እኔም እንደዚያው ብያታለሁ። ባሏ መጥቶ ጥቂት ቀን ተቀመጠና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ታኅሣሥ አሥራ ሁለት በጾም ስለዋለ ድግሱ ሽሮና ምስር ነበር። የመስጫው ሰዓት ሲደርስ፣ «ሴና ገና አልበረታችም፤ ጽዋው እዚሁ ይቆይ» አልኩ። ከሴና ቀጥሎ ያለው ኢብሳ፣

«ሙሴ፣ እሷ ካልቻለች ወደ እኔ ነዋ የሚያልፈው» አለ።

ልክ ነው። ከጥግ አንዲት አሮጊት ደረሱልኝ።

«ዝም በሉ እስቲ፤ ስለት ይሆናል። ስለት ደግሞ አይጠየቅም።»

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። የተሳለ ሰው ምን ብለህ ተሳልክ አይባልም፤ ይህን ሮቤ ውስጥ ሕፃን ያውቀዋል። ውሸቱን አልተናገርኩትም እንጂ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀለብ ሰፍሬ ያሳደግኩት እኔው ነኝ። ማንም ሲጠይቀኝ «እንግዲህ የስለት ነገር» እያልኩ ራሴን እነቀንቃለሁ። ሴና በሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ምግቡን አልነካችም። ድካም ነው አልን።

ጥር ሆነ። ጥር አሥራ ሁለት የሚካኤል ታቦት ከጥምቀተ ባሕር የሚመለስበት ቀን ነው፤ ከተማው ሁሉ ሲዘምር፣ ሲጨፍር ውሎ ታቦቱን አስገባ። እኛም ድምፃችን ተዘግቶ፣ እግራችን አቧራ ጠጥቶ እኅተማርያም ቤት ተሰበሰብን። እሷ ጠዋት ከሕዝቡ መሀል ጠጋ ብላኝ ነበር።

«ጋሼ፣ አሁንም አልቻልኩም።»

«ጽዋው ያንቺ ነው፤ እኔ አለሁ» ብያታለሁ። ቃል ሰጥቻለሁ እንግዲህ።

ተበላ፣ ተጠጣ። አባ ለመጸለይ ሲነሱ፣ ተጫዋቹ ሁሉ ዝም ሲል፣ ሴና ከበሩ አጠገብ ተነሳች።

«ሙሴ፣ ጽዋውን ለእኔ ይስጡኝ።»

«ሴናዬ፣ አንቺ እረፊ፤ ገና ሰውነትሽ…»

«አርፌያለሁ። ዕረፍት ሰለቸኝ። ተራዬ ነው።»

«የእኅተማርያም ነገር እንግዲህ… ስለት…»

«ስለታቸው ስንት ወር ነው?» አለች። «ሚካኤል የሁላችንም አይደለም እንዴ? ጋሽ ባዳሳ ሲሞት ከተማው ወጥቶ አለቀሰ፤ ደግ አደረገ፤ እኔም አልቅሻለሁ። ከዚያ ጽዋው እዚሁ ገብቶ ቀረ። እኔ ቤትስ ማን መጣ? አጥሚት መጣ። ሁሉም ሳህኑን ይዞ ተመለሰ።»

አባን አየኋቸው፤ እሳቸውም እኔን አዩኝ። ጽዋውን ለሴና ብሰጥ እኅተማርያም ነገ የምትነሳበት ምክንያት የላትም፤ ብከለክል ደግሞ በምን አፌ? ምክንያቱን ተናግሬ እንዳልገላገል ቃል ይዞኛል። ፈራሁ። ስፈራ ደግሞ ነግሬያችኋለሁ።

«ተቀመጪ አልኩሽ! እዚህ ሙሴው እኔ ነኝ» ብዬ ጮህኩባት፤ ልጅቷን፣ ያን ሁሉ ችላ የመጣችውን። ምኞት በሁለት እጇ አፏን ያዘች።

እኅተማርያም ጽዋውን አቅፋ ቆማ ነበር። ጣቶቿ ጨርቁን ከመጨበጣቸው የተነሳ ደም የላቸውም። በጓዳ በር ትወጣለች ብዬ ለመከተል ተዘጋጀሁ። እሷ ግን በሰው እግር መሀል እየተረማመደች ወደ ሴና ሄደች።

«ሴናዬ፣ እንቅልፍ ይወስድሻል?»

«ምን አገባዎት?»

«እኔን እንቢ ብሎኝ ነበር። ለዚያ ነው የምጠይቅሽ።»

ሴና አፍጥጣ አየቻት። ልትሳደብ ነው ስል ፊቷ ፈረሰ። «አይወስደኝም፣ እትዬ» አለች። «ቤቱ ይበላኛል። ቀን ማሽኑ አጠገብ ቆሜ እውላለሁ፤ ማታ የት እንደምገባ አላውቅም። ባሌ ይደውላል፤ ደህና ነኝ እለዋለሁ። ስሙን እንኳ ማን ልትዪው ነበር ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።»

«ማን ልትዪው ነበር?»

«ቢሊሱማ።»

ስሙን ከተናገረች በኋላ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። እኅተማርያም ጽዋውን ለአባ አቀበለቻቸውና መሬት ላይ አጠገቧ ተቀመጠች። አቀፈቻት። ከዚያ አለቀሰች፤ እንደ ወጉ፣ ስም እየጠራች፣ «ቢሊሱማዬ፣ ያልታየኸው፣ ያልታቀፍከው» እያለች። መጀመሪያ ማንም አልተከተላትም። የሚካኤል በዓል ነው፣ ታቦት የገባበት ቀን ነው፣ ለሞተ ሽል አይለቀስም፤ ሁላችንም ይህን እናውቃለን። ምኞት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተነሳች። እኚያ ስለት ያሉት አሮጊት ቀጠሉ። ወዲያው ቤቱ ለቅሶ ቤት ሆነ። አባን አየኋቸው፤ ጽዋውን ይዘው ቆመዋል፤ አልከለከሉም። እኔም አለቀስኩ። ለልጁ ይሁን፣ ለባዳሳ ይሁን፣ ስለ ጮህኩባት ይሁን እንጃ፤ ብቻ አለቀስኩ።

ለቅሶው በረድ ሲል እኅተማርያም ሴናን አነሳቻት፤ ጽዋውን ከአባ ተቀብላ በገዛ እጇ ሴና እጅ ላይ አኖረችው። ልጅቷ ተንበረከከች።

«እስከ ወሩ በሰላም ያድርስሽ» አሉ አባ።

«አሜን» አልን፣ እንደ ልማዳችን፣ በአፍንጫችን።

«እንደዚህ አይባልም» አለች እኅተማርያም ወደ እኛ ዞራ። እንዲህ ተቆጥታ አይቻት አላውቅም። «እስክትሰማው ድረስ በሉት።»

ያን ቀን ያልነው አሜን ረቢያ ሱቅ ድረስ ተሰምቷል ብላኛለች ረቢያ ራሷ።

ሴናን እየዘመርን ሸኘናት። እኅተማርያም ባዶ እጇን በነጠላዋ ሸፍና ከሰልፉ ኋላ ትሄዳለች፤ እኔ ከጎኗ አልለይም። «አንቺስ?» አልኳት። «እኔ ቤት እደሪ፤ ምኞት ደስ ይላታል» አልኳት። «ቤቴ ይሻለኛል» አለች። በሯ ድረስ አደረስኳት። ደህና እደሩ ብቻ ብላ ገባች።

ጠዋት ፈረሱ ሳይጠጣ አጠመድኩት። በረንዳው ባዶ ነው፤ መኪናዋ ላይ ሸራው እንደ ለበሰ ነው። ረቢያን ጠራሁ።

«አልመጣችም። ምነው፣ ኦቦ ዱጉማ? ፊትዎ ልክ አይደለም።»

ቤቷ ሄድኩ፤ ተቆልፏል። ደበደብኩት፤ ተጣራሁ። መናኸሪያ በረርኩ፤ ረዳቶቹን አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው፤ ያያት የለም። ቤተ ክርስቲያን ገባሁ፤ ሴቶች ከሚቆሙበት ስፍራ ጀምሮ ጸበሉ ቤት ድረስ ፈለግኳት፤ የለችም። ፈረሱን ያለ ወትሮው ገርፌዋለሁ፤ ይቅር ይበለኝ። በመንገድ አንድ ባጃጅ ሲያንባርቅብኝ የምሰድብበት አንደበት አጣሁ። በልቤ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ተራ ተራ ነው ብዬ ኖሬ፣ በመጨረሻ ተራው ገደላት። ለአባ ምን እላለሁ? ለባዳሳስ፣ የተገናኘን ቀን?

የቀረኝ የሴና ቤት ብቻ ነበር። ምናልባት ሲነጋ አይታት ይሆናል ብዬ ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ሳላንኳኳ ገፋሁት።

ሁለቱ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። መሀላቸው ገንፎ አለ፣ መሀሉ ላይ ቅቤው የቀለጠ። እኅተማርያም በእንጨት ማንኪያ እየቆረሰች ሴናን ታጎርሳታለች። ሴና አፏ ሞልቶ «በቃኝ እኮ፣ እትዬ» ትላለች። ጽዋው ከጥግ ከፍ ብሎ ተቀምጦ ጧፍ በርቶለታል።

«የት ነበርሽ?» ብዬ ጮህኩ። «ከተማውን አዞርሽኝ እኮ! በርሽን የደበደብኩት እጄ አብጧል!»

«ጠዋት መጣሁ» አለች እኅተማርያም ቀና ሳትል። «አራስ ናት፤ ማንም ገንፎ አላበላትም። አርባዋ ቢያልፍም ይሁን ብዬ አገነፋሁላት።»

በሩ አጠገብ ያለች በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ሴና ውኃ ልታመጣልኝ ጓዳ ስትገባ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣

«እኅተማርያም፣ ጽዋው ሄዷል። እኔ እንዴት ብዬ ልተኛ? እስቲ ንገሪኝ፤ አሁን ምን ይዘሽ ትነሻለሽ?» አልኳት።

ማንኪያውን አስቀመጠች። ጥቂት አሰበች።

«ዛሬም ስነቃ ከብዶኝ ነበር፤ አልዋሽዎትም» አለች። «ግን ጋሼ፣ የካቲት አሥራ ሁለት ይህች ልጅ ደግሳ ስትጠብቀን እኔ ካልመጣሁ ማን ነው የልቡን አሜን የሚልላት? እናንተ ናችሁ?»

ሴና ውኃውን ይዛ ተመለሰች፤ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አየች። እኅተማርያም ትልቅ ጉርሻ አዘጋጅታ ወደ አፌ አመጣችው።

«እንኩ፣ ይብሉ። ፊትዎ አመድ መስሏል።»

ጎረስኩ። ትኩስ ነበር፤ ላንቃዬን ላጠው። ሴና «ምነው አለቀሱ፣ ጋሼ?» ስትለኝ፣ ገንፎው አቃጥሎኝ ነው አልኳት።